እሱስ ይመስገን፤ አንተስ?

ሰላምታ ጥያቄ እንዳልሆነ የማይገባው ሰው በየአገሩ አንድ አይጠፋም። ልባም ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲል አዳርህን ሊሰማ አይደለም፤ በሰላም አልፎህ ሊሄድ ነው። አንተም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለህ፤ ነገሩ አለቀ። ልጁም፣ ከብቱም፣ ጎረቤቱም፣ ዝናቡም በአንድ ትንፋሽ ተጠይቆ በአንድ ትንፋሽ ይመሰገናል። ማንም ማንንም ሳያደምጥ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ስንት ዘመን ተከባብረን የኖርነው በዚህ ነው። ያ የማይገባው ሰው ግን ከጠየቀህ በኋላ አይሄድም። ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።

ለሰቆጣ የደረሰቻት ሲስተር ፅዮን ናት።

ክብርት ሲስተር ፅዮን የደሃና ወረዳ ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ተብላ ሰቆጣ ሆስፒታል ተመደበችና ከቄስ መንግሥቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ቄስ መንግሥቴ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የሰፈሩ እኩሌታ የንስሐ ልጃቸው ነው። የሰው ምስጢር ሰምቶ ዝም በማለት ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው በዋግ አለ ብሎ የነገራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም አያምኑም። ተከራይዋ በገባች ማግስት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ ደጃፏ ላይ አገኟት።

«እንዴት አደሩ አባታችን?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና አለፉ።

«እሱስ ይመስገን፤ እርስዎስ?»

ቄስ መንግሥቴ ዞር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ አዩ። ማንም የለም።

«እኔ ምን?»

«እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«ነገርኩሽ እኮ ልጄ።»

«እሱን አመሰገኑ እንጂ የርስዎንማ አልነገሩኝም።»

ድፍረት አይታይባትም፣ ቀልድም አይታይባትም፤ ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ እንደያዘች ሴት ረጋ ብላ ትጠብቃለች። ቄስ መንግሥቴ መጀመሪያ ሳል ያዛቸው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሰሙ መሰሉና በጥድፊያ ወጡ። ደወል አልተደወለም ነበር።

ነገሩ ለምን እንደከነከናቸው እሳቸው ያውቃሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዙ ነገር ከድኖ ይዟል። ልጃቸው አንዷለም ድቁና ተቀብሎ፣ ቅስናውም እየተጠበቀለት ሳለ፣ አንድ ቀን «እኔ አይሆንልኝም አባ» ብሎ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አባት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እንግዲህ እንዳሻህ» አሉት፤ ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል ከሰላምታ በቀር ቃል አላለፈም። ጠዋት፣ «እንዴት አደሩ አባ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ማታም ያው ነው፤ አደሩ በዋሉ ይተካል። ተኳረፉ እንዳይባል ሰላምታቸው አንድ ቀን ተጓድሎ አያውቅም፤ ታረቁ እንዳይባል ከሰላምታው የሚያልፍ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ በጨዋ ደንብ ተጣልተው ኖሩ። እናቲቱ ወለተ ሐና መካከል ላይ ሆና ለአንዱ የሌላውን እያደረሰች ጨጓራዋ ነደደ።

ሲስተር ፅዮን ግን አመሏን በአንድ ግቢ አልወሰነችውም። መጀመሪያ የተመታችው ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩሐረግ ናት። እህል አሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ስትጣደፍ መንገድ ላይ ተገናኙ። እትዬ ጥሩሐረግ እንደ ደንቡ አመሰገነች፤ ሲስተርም እንደ አመሏ «እሱስ ይመስገን፤ እርስዎስ?» አለቻት። «እንደው ይቺ ጉልበቴ ትንሽ…» ብላ እትዬ ጥሩሐረግ ቆመች። ከጉልበቷ ወደ ባሏ ተሻገረች፤ ከባሏ ወደ አማቷ። አማቷ ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ እሷ ግን ለካ ተናዳባቸው አልጨረሰችም ነበር። ተናግራ፣ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ ወፍጮ ቤት ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። የዚያን ቀን ቤተሰቡ ንፍሮ በላ። እትዬ ጥሩሐረግ በማግስቱ ይህን በደል ለሰው ሁሉ አወራች። ደግሞም ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት ስትሄድ አቋራጩን ትታ በሲስተር ደጅ ትዞራለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ የዞን ኃላፊ ሆስፒታሉን ሊጎበኝ መጣ። የተሰለፈውን ሠራተኛ እየጨበጠ፣ «ሰላም ናችሁ? ሥራ እንዴት ነው?» እያለ ሲወርድ ክብርት ሲስተር ዘንድ ደረሰ።

«ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ኃላፊው፤ እጁ ወደሚቀጥለው ሰው እየተዘረጋ ነው።

«እሱስ ይመስገን፤ እርስዎስ?»

ኃላፊው ሳቀ። እሷ ጠበቀች። ሳቁ አለቀና መነጽሩን አወለቀ። የቀሩት እንግዶች መድኃኒት ቤቱን ሊያዩ ሲያልፉ እሱ ክፍሏ ገባ፤ መኪኖቹ በር ላይ ሞተር አስነስተው ቆሙ። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም። ሲወጣ ግን ዓይኑ ቀልቷል፤ ስለ ዕቅድ አፈጻጸምም የዚያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረም። ዛሬ ዛሬ ለክትትል እያለ ሰቆጣ ይመላለሳል።

የሥራ ክፍሏ ራሷ የምታስቅ ናት። ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ አስጠግታዋለች። ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን ሆነው በመስኮቱ ጋራውን ያያሉ። «ዓይን ለዓይን እየተያየ ገመናውን የሚያወጣ ሰው የለም፤ ጎን ለጎን ሆኖ ነው» ትላለች። በዚያች ክፍል ውስጥ «አይዞህ» ክልክል ነው። በሽተኛ ያመጣ ዘመድ «አይዞህ፣ አይዞህ» ማለት ሲጀምር በትሕትና ወደ ውጭ ትሸኘዋለች። «አይዞህ ቶሎ ከተባለ ዝም በል ማለት ነው»፤ ይህም የእሷ አባባል ነው። አቶ ኪዳኑ የሚባሉ የአበርገሌ ሽማግሌ ራሴን አመመኝ ብለው መጥተው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስለ ፍየሎቻቸው አወሩላት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአገሩ ልሳን በኽምጥኛ። የሥራ ባልደረቦቿ ሳቁ። «ስለ ፍየል ብዙ የሚያወራ ሰው የሚያወራው ስለ ፍየል አይደለም» አለቻቸው። «ታዲያ ስለምንድን ነው?» ሲሏት፣ «ፍየሎቹ ሲያልቁ እንሰማለን» አለች። አቶ ኪዳኑ በሦስተኛው ቀጠሮ ስለ ሞተችው ሚስታቸው ማውራት ጀመሩ።

ከክፍሏ የሚወጣ ሁሉ «ጠያቂ አያሳጣሽ» እያለ ይመርቃታል። እሷም «አሜን» ትላለች። ሲመሽ ወደ ተከራየቻት አንዲት ክፍል ብቻዋን ትገባለች፤ ዘመድ አዝማዷ ደሃና ነው።

እንግዲህ ነገሩ ውሎ አድሮ ቤተ ክህነት ደረሰ። እትዬ ጥሩሐረግ ሁለት ሴቶች አስከትላ ቄስ መንግሥቴ ፊት ቀረበች።

«አባታችን፣ ይቺ ተከራይዎ የእግዚአብሔርን ምስጋና አልቀበል ብላለች። ይመስገን ስንላት አንቺስ ትላለች። ከይመስገን በኋላ ደግሞ ምን ይተርፋል?»

ቄስ መንግሥቴ ከውስጥ ደስ አላቸው። ሲሸሹት የነበረው ነገር የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ ሲመጣ ክንዳቸው በረታ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ መስቀላቸውንና ጭራቸውን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ወረዱ። በመንገዳቸው አንድ ነገር ግን ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። የአንዷለም ባጃጅ ከኋላዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ተጽፎባታል። በዚያ ሰሞን ሲስተር ፅዮን ተሳፍራበት ኖሮ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ «እሱስ ይመስገን፤ አንተስ?» አለችው አሉ። ባጃጇ የሆስፒታሉን በር አለፈችው፤ በመናኸሪያው ዞረች፤ ተመለሰች፤ በሩን እንደገና አለፈችው። እትዬ ጥሩሐረግ በዓይኗ አይታለች። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ ምን ሲናገር ነበር? ለእናቱ እንኳ ያልተነፈሰውን?

«ይቀመጡ አባታችን» አለች ሲስተር ፅዮን። ፊት ለፊት የሚሆን ወንበር ቢፈልጉ የለም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱም ጋራውን አዩ።

«የመጣሁት ለምክር ነው።»

«እሺ አባታችን።»

«አንቺን ልመክር ማለቴ ነው።»

«እሺ።»

«ሰው ይጠየቃል እንጂ አይመረመርም ልጄ።»

«የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?»

«አጠገቡ እቀመጣለኋ።»

«እኔም ያው ነው» አለችና ዝም አለች።

ቄስ መንግሥቴ ይህን ዝምታ ወዲያው ለዩት። የራሳቸው ነው። የንስሐ ልጅ ቀላል ቀላሉን ኃጢአት ተናግሮ ሲጨርስ ከባዱ እስኪመጣ ዝም የሚሉት እሳቸው ናቸው። በገዛ በትሬ፣ አሉ በሆዳቸው፤ እንግዲያ እንተያይ። እሳቸውም ዝም አሉ። የሰው ነገር መስማት ሥራቸው የሆነ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የአንዱን አፍ መከፈት ይጠብቅ ጀመር። ዝንብ መጥታ ጥምጥማቸው ላይ አረፈች፤ ጭራውን አላነሱም። ከውጭ ካርድ ክፍል ስም ይጠራል። ለሁዳዴ ጾም ያልተረታ ሰው ለአንዲት ነርስ ዝምታ አይረታም። በመጨረሻ ሲስተር ፅዮን ሳቋ አመለጣት።

«አሸነፉኝ አባታችን።»

ያሸነፈ ሰው ግን ይዘናጋል። ቄስ መንግሥቴ ደስ ብሏቸው፣ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ ካሉ በኋላ፣ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ።

«ልጄ አንቺን አነጋግሮሻል አሉ። ምን አለሽ?»

«የንስሐ ልጅዎ የነገረዎትን ለእኔ ይነግሩኛል?»

«ተይ፣ እንዴት ይሆናል።»

«እንግዲያ እሱኑ ይጠይቁት።»

«እጠይቀው የለም እንዴ? በየቀኑ ነው የምጠይቀው። እንዴት አደርክ እለዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ይላላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ» አሉ ቄስ መንግሥቴ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ከዚያማ አሜን ነው።»

ሲስተር ፅዮን አይዞዎት እንኳ አላለቻቸውም። ተነስተው ወጡ፤ ለእነ እትዬ ጥሩሐረግም «መጠየቅ ነውር የለበትም» የሚል አጭር ፍርድ ሰጥተው አሰናበቷቸው።

አንድ ሰሞን ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ። የሲስተሯ ቃል ቀላል ናት፤ ሕፃን ይላታል። አፍ ላይ ግን ትከብዳለች። መቼም ልምምድ አይከፋም ብለው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስታቸውን «እንዴት አደርሽ?» አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ወለተ ሐና፤ ምስር እየለቀመች ነው።

«እሱስ ይመስገን፤ አንቺስ?»

ወለተ ሐና ሰፌዱን አስቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረችውን ባሏን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«ምን ሆኑ? አሞዎታል?»

«አላመመኝም። አንቺን ነው የጠየቅሁ።»

እንግዲህ የሠላሳ ዓመት መልስ አንድ ጊዜ በሩ ሲከፈትለት ምን እንደሚመስል መገመት ነው። ምስሩ ሳይለቀም ቀረ። ከሁሉ በኋላ፣ ከጨጓራዋም፣ ከጎረቤቱም፣ ከእህቷ ነገርም በኋላ፣ የያዘችውን አወጣችው። አንዷለም ባጃጁን ሸጧል። ጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሊሄድ ነው። ሰኞ ጠዋት በወልድያው መኪና።

«ለእኔ ሳይነግር?»

«ሳይጠየቅ?» አለች ወለተ ሐና።

ቄስ መንግሥቴ የሚያውቁት ነገር አለ። እንዲህ በሰላምታ የሄደ ልጅ በሰላምታ ይቀራል። በዓል ሲመጣ ይደውላል፤ እንዴት ነዎት ይላል፤ ይመስገን ይባላል፤ ስልኩ ይዘጋል። እድሜ ልክ እንዲህ ይኖራል፤ ከሰው ፊትም ነውር የለውም።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በረንዳው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቃሏን ቅዳሴ እንደሚያጠና ዲያቆን ደጋግመው ብለዋታል። እሱስ ይመስገን፤ አንተስ? እሱስ ይመስገን፤ አንተስ? በሩ ተከፈተና አንዷለም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። አባቱን ሲያይ ደነገጠ፤ ደንቡን ግን አልረሳም።

«እንዴት አደሩ አባ?»

ቄስ መንግሥቴ እዚህ ላይ ተያዙ። ያጠኑት የጠያቂውን ነው። ቀድሞ ሰላም የሚለው ልጅ ነውና ተጠያቂው እሳቸው ሆኑ፤ የተጠያቂውን ደግሞ አላጠኑም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አፋቸው እንደለመደው።

አንዷለም እጅ ነስቶ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ሰቀለ።

«እሱስ ይመስገን» አሉ ቄስ መንግሥቴ ቶሎ ብለው፤ ጥያቄዋን ፈለጓት፤ ጠፋች። በእሷ ፈንታ የወጣው ሌላ ነው። «እኔ ግን አላደርኩም።»

አንዷለም እርምጃውን ገታ።

«ለምን አባ?»

«ልትሄድ አይደል? እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።»

«አልነገሩኝማ።»

«አልጠየቅኸኝማ።»

«በየቀኑ ጠይቄዎታለሁ አባ።»

«እሱንስ እኔም በየቀኑ ጠይቄሃለሁ» አሉ። ከዚያ ያቺ የጠፋችው ተገኘች። «አንተስ ልጄ?»

አንዷለም ሻንጣውን አወረደና መደቡ ላይ ጎናቸው ተቀመጠ። ሁለቱም የግቢውን የድንጋይ አጥር ያዩ ጀመር። ከመናኸሪያው በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«መኪናው ያመልጥሃል።»

«ያምልጠኝ» አለ። ቆይቶ፣ አጥሩን እያየ፣ «ቅስናውን ንቄ አልነበረም አባ። ፈርቼ ነው። ሰው መጥቶ ጉዱን ሲነግረኝ ምን እንደምለው አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። እኔ አላውቅም።»

ቄስ መንግሥቴ ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩት። በሰቆጣ ስመ ጥር የሆነው፣ የሰፈሩ እኩሌታ የተንበረከከለት ያ ዝምታ ደረታቸው ላይ ሆኖ ያንገበግባቸው ጀመር።

«እኔስ የማውቅ መሰለህ?» አሉ። «ዝም የምለው እኮ ስለማላውቅ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው አንዷለም ነው። ከውስጥ በር ገርበብ አድርጋ ስትሰማ የነበረችው ወለተ ሐና በነጠላዋ አፏን ያዘች። አንዷለም በሌላ ሳምንት መሄዱ አልቀረም፤ ቅስናም አልተቀበለም። አሁን ግን ከመንገድ ሲደውል አባትና ልጅ ስልክ ላይ ሲያወሩ ራታቸው ይቀዘቅዛል፤ ወለተ ሐናም አሁን ደግሞ በዚህ ታማርራለች።

ያን ጠዋት ሳቃቸው ሳያልቅ የሲስተር ፅዮን በር ተከፈተ። የማለዳ ተረኛ ናት፤ ረፍዶባታል፤ ቁልፏን እየፈለገች፣ ጋቢዋን እየጎተተች፣ ወደ በሩ ትጣደፋለች።

«እንዴት አደርሽ ሲስተር?» አሉ ቄስ መንግሥቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሳትቆም።

«እሱስ ይመስገን» አሉ አባትና ልጅ እኩል፤ «አንቺስ?»

ሲስተር ፅዮን እጇ የግቢው በር ላይ እንዳለ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው ጠያቂ አያሳጣሽ ብሎ መርቋት ሄደ እንጂ የጠየቃት አልነበረም። ቄስ መንግሥቴ መልሷን ሊያቀሉላት አልሞከሩም፤ አይዞሽም አላሏትም። ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው መደቡ ላይ ስፍራ ለቀቁላት።

«ሥራ ይረፍድብኛል አባታችን» አለች።

«ይርፈድ።»

መጥታ ተቀመጠች። ሦስቱም አጥሩን አዩ። ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች፤ ቆየች፤ አባትና ልጅም ጠበቋት።

«እኔማ…» ብላ ጀመረች።